ለድሃ ተከሳሽ ጠበቃ ምን ይዘን እንሂድ?

ዛሬ የምናነሳው ልጁ ተከሶበት ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ያጣ ቤተሰብን ነው።

በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20፣ ተከሳሹ በአቅም ማጣት ፍትሕ የሚጓደልበት ከሆነ ከመንግሥት ጠበቃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ተከሳሹ ይህን ራሱ ዳኛውን ይጠይቅ። ብዙዎቻችን ግን ተከላካይ ጠበቃውን «የመንግሥት ሰው ነው» እያልን እንሸሸዋለን። ደመወዙ ከመንግሥት ቢሆንም አማናው የተከሳሹ ነው። የሚያጥረው ጊዜ ነው፤ ሰፈር ለሰፈር ዞሮ ምስክር የሚፈልግለት የለውም። ይህን የምናግዘው እኛ ነን።

ድርጊቱ ተፈጸመ በተባለበት ቀንና ሰዓት ልጁ የት ነበር? ከማን ጋር? ያዩትን ሰዎች ስም፣ አድራሻና ስልክ በወረቀት ጽፈን እንስጠው። ሥራ ላይ ከነበረ የሰዓት ፊርማ፣ ታሞ ከነበረ የሕክምና ካርድ እናቅርብ። ዕድሜ ደግሞ ትልቅ ጉዳይ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለ ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ያለውም እንደ አዋቂ አይቀጣም። የልደት ምስክር ወረቀት ከሌለ የክትባት ካርድ ወይም የትምህርት ቤት መዝገብ እንፈልግ። የመድረሳ መዝገብ እንኳ ለጠበቃው መነሻ ይሆነዋል። ኡስታዞች፣ ዕድሜ በትክክል መዝግቡ!

ያላየ ሰው «አይቻለሁ» እንዲል ግን በፍጹም አንለምን። በሐሰት መመስከር በዲናችን ከታላላቅ ወንጀሎች ነው። ደግሞም ዐቃቤ ሕጉ ሲያፋጥጠው ከተንተባተበ እውነተኛውን ምስክር ጭምር ያስጠረጥረዋል። በዓይኑ ያየው ጎረቤት «ፍርድ ቤት ደጃፍ አልረግጥም» ካለ ሽማግሌ እንላክበት፤ በቀጠሮውም ዕለት አብረነው እንሂድ።