ሀሳቡ የማን ነበር?



የአርክቴክቸር ተማሪዎች በቡድን ለዲዛይን ውድድር ሲዘጋጁ፣ ማስረከቢያው ሲቃረብ ስቱዲዮው እንቅልፍ የለውም። አንዷ ካርቶን በከተር እየቆረጠች ሞዴል ትሠራለች፤ አንዱ ፕላኑን፣ ሌላው ሕንፃው ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ የሚታይበትን ሴክሽን ይስላል። ሥራው ሲገጣጠም ግን ጉድ ይወጣል፦ ፕላኑ ላይ 18 የነበረው የደረጃ ብዛት ሴክሽኑ ላይ 16 ሆኖ ቁጭ ይላል። ስሕተቱ የአንድ ሰው ነው፤ ዳኞች ፊት ሲቀርብ ግን የሁሉም ነው። ብዙ ውድድሮች ላይ ሥራ የሚቀርበው ያለ ስም፣ በመለያ ቁጥር ነውና።

ድልም ሲገኝ እንዲሁ የጋራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ለፓሪሱ የፖምፒዱ የባህል ማእከል በወጣው የዲዛይን ውድድር 681 ሥራዎች ቀርበው ነበር። ያሸነፉት ያኔ እምብዛም የማይታወቁት አርክቴክቶች ሬንዞ ፒያኖና ሪቻርድ ሮጀርስ ከጃንፍራንኮ ፍራንኪኒ ጋር ሆነው ነው። ሮጀርስ መጀመሪያ መወዳደሩን አልወደደውም፤ የገፋፉት አብረዋቸው የሠሩት የአሩፕ ኩባንያ መሐንዲሶች ናቸው። ቡድኑ ቧንቧውንና ተንቀሳቃሽ ደረጃውን ከሕንፃው ውጭ አውጥቶ፣ የቦታውን ግማሽ ያህል ለሕዝብ አደባባይ ተወው። ያን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን አላሰበውም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ጌጥ የሚሆነው ግን ሁሉም ድርሻውን ሲይዝና የጎረቤቱንም ዞር ብሎ ሲያይ ነው። ዛሬ በቡድን የምትሠሩ ሁሉ፣ «ሀሳቡ የማን ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ሥራችን ይገጥማል ወይ?» ተባባሉ። ያውም ሳይመሽ።