ኳስን ከአሸዋ ውስጥ ስለ ማውጣት
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ዕለት ከስፖርት ክበብ አባላት አንዱ ያደረገው ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ጐልፍ ጨዋታ፥ ይልቁንም ኳስ አሸዋ ውስጥ በገባች ጊዜ እንዴት እንደምትወጣ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ፍርሃት በሰው እጅ ላይ ምን እንደሚሠራ የሚታይበት ስለ ሆነ፥ ጐልፍ ለማይጫወትም ሰው ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

በጐልፍ ሜዳ ላይ ሆን ተብሎ የተዘጋጀ፥ አሸዋ የተሞላ ጐድጓዳ ቦታ አለ፤ ባንከር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1978 በስኮትላንድ፥ በሴንት አንድሩስ ሜዳ፥ የጃፓኑ ተጫዋች ቶሚ ናካጂማ 17ኛው ቀዳዳ አጠገብ ከደረሰ በኋላ ኳሱ ተንከባልላ ባንከር ውስጥ ገባችበት። ለማውጣት 4 ምት ፈጀ፤ በዚያ ቀዳዳ ብቻ 9 ምት ተቈጠረበት። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካዊው ቦብ ትዌይ፥ በፒ.ጂ.ኤ. ሻምፒዮና የመጨረሻ ቀዳዳ ላይ ከግሬግ ኖርማን ጋር እኩል ሳለ፥ ኳሷን ከባንከር አንሥቶ በቀጥታ ቀዳዳው ውስጥ ከተታትና ዋንጫውን ወሰደ። አሸዋ አንዱን ጣለ፤ ሌላውን አነሣ።

የአሸዋ ምት ከሌላው የሚለየው በአንድ ነገር ነው። በሌላ ጊዜ ዱላው ኳሷን ይመታል፤ እዚህ ግን የሚመታው አሸዋውን ነው፥ አሸዋውም ኳሷን ተሸክሞ ያወጣታል። ጀማሪ ይህን ስለማያምን ኳሷን እንደ ወጥ ሊጨልፋት ይሞክራል፤ ወይም ፈርቶ ዱላውን በመካከል ያቆመዋል። ያን ጊዜ ኳሷ ወይ እዚያው ትቀራለች፥ ወይ ከሜዳው ማዶ ትበራለች።

ለዚህ የሚሆነውን ሳንድ ዌጅ የተባለውን ዱላ በማሻሻል የታወቀው ጂን ሳራዘን ነው። የዱላውን የታችኛውን ወገን ብረት ጨምሮ አወፈረው፤ ስለዚህ ዱላው አሸዋ ውስጥ ከመስመጥ ይልቅ እየተንሸራተተ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1932 የብሪታንያን ኦፕን ያሸነፈው ይህንኑ ይዞ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ፥ እግርን አሸዋው ውስጥ ወዝወዝ አድርጎ አጽንቶ መቆም። ሁለተኛ፥ የዱላውን ፊት ወደ ሰማይ ከፈት አድርጎ ከዚያ በኋላ እጀታውን መጨበጥ። ሦስተኛ፥ የሰውነትን ክብደት በፊተኛው እግር ላይ ማሳረፍ። አራተኛ፥ ዓይንን በኳሷ ላይ ሳይሆን ከኳሷ በስተኋላ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ባለው አሸዋ ላይ ማድረግ። አምስተኛ፥ ያን ቦታ መትቶ ዱላውን ሳያቆሙ እስከ መጨረሻው ማሳለፍ። ኳሷ በአሸዋው ውስጥ ተቀብራ ከተገኘች ግን የዱላው ፊት አይከፈትም፤ ዱላው ከላይ ወደ ታች ጠለቅ ብሎ ይገባል።

ለልምምድ ኳስ እንኳ አያስፈልግም። በአሸዋው ላይ ረጅም መስመር አስምሩ፤ በመስመሩ ላይ እየተራመዳችሁ ምቱ። የዱላው ፋና ሁልጊዜ ከመስመሩ ከጀመረ እጃችሁ ታርሟል። በውድድር ጊዜ ግን ከመምታት በፊት አሸዋውን በዱላ መሞከር ክልክል ነው፤ በምት በሚቈጠር ውድድር 2 ምት ያስቀጣል። ስለዚህ መማር ያለብን አስቀድመን ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፥ ፈተናም እንዲሁ ነው። በዕለቱ የሚሞከር ነገር የለም፤ ያለን የተለማመድነው ብቻ ነው። የፈራ እጅ በመካከል ይቆማል፤ የተለማመደ እጅ ግን የጀመረውን ይፈጽማል። ከባንከሩ ስትወጡም የረገጣችሁትን አሸዋ በመቧጠጫ አስተካክላችሁ ሂዱ፤ ከኋላችሁ የሚመጣ ሰው አለና።