በመስታወት ውስጥ ያለው ፊት የማን ነው?

(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ ልናገርበት የመረጥሁት ነገር ተራ ይመስላል። ከመካከላችን ዛሬ ጠዋት መስታወት ሳያይ የወጣ ሰው ጥቂት ነው። ፀጉሩን የሚያበጥረው፣ ሻሿን የምታስተካክለው፣ ብጉሩን የሚቆጥረው ሁሉ መስታወቱ ፊት ቆሞ «ይህ እኔ ነኝ» ብሎ ይሄዳል። ጥያቄዬም ይኸው ነው፤ ያ የታየው በእውነት እኛ ነን?

ጥያቄው የጨዋታ ይምሰል እንጂ ብዙ ነገር ይወሰንበታል። በመልኩ ስለሚያፍር ክፍል ውስጥ እጁን የማያወጣ ተማሪ አለ። ከጓደኞቿ ጋር ፎቶግራፍ መነሣትን የምትሸሽ አለች። ቆዳ ያቀላል የሚባል ቅባት ለመግዛት ከምግቡ ገንዘብ የሚቀንስም አለ። እነዚህ ሁሉ በራሳቸው ላይ የሚፈርዱት በአንድ ምስክር ቃል ነው፤ ምስክሩም መስታወት ነው። እንግዲያው ምስክሩን እንመርምረው።

በመጀመሪያ፣ መስታወት ቀኝና ግራን ያለዋውጣል። በወረቀት ላይ «ባ» ብላችሁ ጽፋችሁ ለመስታወት አሳዩት፤ ረጅሙ የቀኝ እግር ወደ ግራ ዞሮ «ቦ» መስሎ ይታያችኋል። «ሳ»ም እንዲሁ «ሶ»ን ይመስላል። የፊታችንም ነገር ይኸው ነው። የማንም ሰው ፊት ቀኙና ግራው ፍጹም እኩል አይደለም፤ አንዱ ቅንድብ ከሌላው ከፍ ይላል፤ ፈገግታም ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። እናታችን፣ ጓደኛችንና መምህራችን የሚያውቁት «ባ»ን ነው። «ቦ»ን የምናውቀው ግን እኛ ብቻ ነን።

ይህን ነገር ሚታ፣ ደርመርና ናይት የተባሉ ሦስት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በፈረንጆች አቆጣጠር በ1977 ፈትነውታል። የአንድን ሰው ፎቶግራፍ አንዱን እንዳለ፣ ሌላውን ገልብጠው አሳተሙ። የፎቶግራፉ ባለቤቶች በብዛት የመረጡት በመስታወት የለመዱትን የተገለበጠውን ነበር፤ ጓደኞቻቸው ግን ያልተገለበጠውን መረጡ። ምክንያቱም ሰው አዘውትሮ ያየውን ስለሚወድ ነው፤ ይህንንም ዛዮንስ የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ አስቀድሞ በ1968 አስረድቶት ነበር። እንግዲህ ፎቶግራፋችንን አይተን «ይህ እኔን አይመስልም፤ አስቀያሚ ወጥቻለሁ» ስንል፣ ፎቶግራፉን የነቀፍነው ስላልለመድነው ሊሆን ይችላል። አጠገባችን የቆመው ጓደኛ «ምን ሆነ? አንተው ነህ!» የሚለንም ስለዚህ ነው።

ሌሎች የሚያዩትን ፊት ለማየት የሚፈልግ ሁለት መስታወቶችን እንደ ቤት ማእዘን ገጣጥሞ በመጋጠሚያቸው ትይዩ ይቁም። አንዱ የለዋወጠውን ሌላው ይመልሰዋል። ቀኝ እጃችሁን ስታነሡ ምስሉም ቀኙን ያነሣል፤ ፊታችሁም ትንሽ እንግዳ ይሆንባችኋል። ሰው ለራሱ ፊት እንግዳ መሆኑን ለመረዳት ከዚህ የቀለለ ትምህርት የለም።

ሁለተኛ፣ መጠኑንም አናውቀውም። በብርድ ጠዋት መስታወቱን በትንፋሻችሁ አደብዝዙና የፊታችሁን ዙሪያ በጣታችሁ ሣሉት። የሣላችሁት ከፊታችሁ ስፋት ግማሹን ብቻ ያህላል። ምስሉ ከመስታወቱ ጀርባ የሚታየው እኛ ከመስታወቱ በራቅነው ልክ ስለ ሆነ፣ መስታወቱ በእኛና በምስሉ እኩሌታ ላይ ይገኛል። ብንቀርብም ብንርቅም ያው ግማሽ ነው። ይህን ያህል ዘመን በየቀኑ እያየነው ልብ ያላልነው ስንቶች ነን?

ሦስተኛ፣ ዐይን ያየውን አእምሮ ያርመዋል። ኤፕሊና ዊትቸርች በ2008 ባሳተሙት ጥናት የሰዎችን ፎቶግራፍ አንዱን ጥቂት አሳምረው፣ ሌላውን ጥቂት አስቀይመው አቀረቡና «የትኛው ነው የእናንተ?» ብለው ጠየቁ። ብዙዎቹ ያማረውን የራሴ ነው ለማለት ያዘነብሉ ነበር። በሌላ ወገን ደግሞ መብራት ሲደበዝዝ አእምሮ ያልነበረ ነገር ይጨምራል። ጣሊያናዊው ካፑቶ 50 ሰዎችን በደብዛዛ ብርሃን ለ10 ደቂቃ መስታወት እንዲመለከቱ አድርጎ ውጤቱን በ2010 ሲያሳትም፣ ከመቶ 66ቱ የገዛ ፊታቸው እጅግ ተለዋውጦ እንደ ታያቸው ገልጧል። መብራት በጠፋበት ምሽት በሻማ መስታወት አይቶ የደነገጠ ሰው ቢኖር ጋኔን አልመጣበትም፤ ዐይኑ የጎደለውን ብርሃን አእምሮው በራሱ ሥዕል ሞልቶበት ነው።

«መስታወቱ ቢያታልል የእጅ ስልኬ አያታልልም» የሚል ይኖር ይሆናል። ስልኩም የራሱ ተንኰል አለው። በ2018 በአሜሪካ በወጣ ስሌት መሠረት፣ ከ30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት የተነሣ ፎቶግራፍ ከአንድ ሜትር ተኩል ከተነሣው ይልቅ የወንድን አፍንጫ 30 በመቶ ያህል አስፍቶ ያሳያል። ለካሜራው የቀረበው አካል ስለሚገዝፍ ነው። አፍንጫችንን ከመውቀሳችን በፊት የክንዳችንን ማጠር እንውቀስ!

ከዚህም በላይ በመስታወት ራስን መፈለግ ከልምድ ጋር የተያያዘ ነው። ዲላ በሞያሌ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ መንገዱን ይዘን ብንሄድ ኬንያ እንገባለን። ብሮሽና ባልደረቦቿ በ2011 ባወጡት ጥናት 82 የኬንያ ልጆች ሳያውቁ ምልክት ግንባራቸው ላይ ተለጥፎ መስታወት ፊት ቆሙ። ምልክቱን ከግንባራቸው ያነሡት 2 ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት ብዙዎቹ ዝም ብለው ቆመው አዩ። ተመራማሪዎቹ እነዚህ ልጆች ራሳቸውን አያውቁም አላሉም። ልጆቹ በእንግዳ ሰው ፊት ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ቢያመነቱ ነው እንጂ። የታላላቆችን ፊት እያየ የሚያድግ ልጅ፣ ከመስታወቱ አስቀድሞ የሰውን ፊት ያነባል።

ይህ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ከዲላ ብዙም ሳንርቅ በቱቱ ፈላ የመቃብር ትክል ድንጋዮች አሉ፤ ከእነርሱም የሰው ፊትና አካል የተቀረጸባቸው ይገኛሉ። እነዚህን ትክል ድንጋዮች የያዘው የጌዴኦ መልክዐ ምድር በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የመቃብር ድንጋይ ላይ ያለውን ፊት የሞተው ሰው አያየውም፤ ፊቱ የተቀረጸው ለሚቀሩት ነው። ያ ጥንታዊ ጠራቢ ትምህርቱን በድንጋይ ትቶልናል፤ የሰው ፊት ማደሪያው የሌሎች ዐይን ነው።

አማርኛችንም ይህን ያውቃል። ፊት ሰጠው፣ ፊት ነሣው፣ ፊቱን አዞረበት፣ ሲያየው ፊቱ በራ እንላለን። በእነዚህ አነጋገሮች ሁሉ ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ፤ መስታወት ግን አንድም የለም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ መስታወት ይሰበር አልልም። ፀጉር ለማበጠር፣ ጢም ለመላጨት፣ ከጥርስ መካከል የቀረ ጎመን ለማየት ታማኝ አገልጋይ ነው። ዳኛ ግን አይሁን። የይርጋ ጨፌን ቡና የሚመዝን ቀማሽ እንኳ ከአንዱ ናሙና አምስት ስኒ አዘጋጅቶ ይቀምሳል እንጂ በአንድ ስኒ አይፈርድም። እኛ ግን ተገልብጦ፣ ተከፍሎና በአእምሯችን ታርሞ በሚደርሰን በአንድ ምስል ሕይወታችንን እንፈርድበታለን። በቀድሞ ዘመን የመስታወት ጀርባ በቲንና በባዜቃ፣ ማለት በሜርኩሪ፣ ይለበጥ ነበር፤ ሊቢኽ በ1835 ብርን መለበጥ ካስተማረ በኋላ ግን ያ መርዝ ከመስታወት እየወጣ ሄደ። ዛሬ ይኸው ባዜቃ ቆዳ ያቀላሉ በሚባሉ አንዳንድ ቅባቶች ውስጥ ይገኛል፤ ኩላሊትንም ይጎዳል። ከመስታወት የወጣውን መርዝ መስታወት ስላስከፋን በፊታችን ላይ መቀባት ምን የሚሉት ብልኀት ነው?

እንግዲህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ነገ ጠዋት ከመስታወቱ ፊት ስትነሡ ሥራው በዚያ ይብቃ። ከዚያ በኋላ በክፍሉ የኋላ ወንበር አንገቱን ደፍቶ ወደ ተቀመጠው ጓደኛችሁ ፊታችሁን መልሱ፤ ስሙን ጠርታችሁ ሰላም በሉት። እርሱ ራሱን የሚያውቀው በ«ቦ» ብቻ ነው፤ «ባ»ን የምታውቁት እናንተ ናችሁና ፊት አትንሡት።