ቁጥርን ወደ ላይ ስለ ማጠጋጋት



የዛሬው ንግግር ርእስ ሲነገራቸው ፈገግ ያሉ ባልደረቦች ነበሩ። እውነት አላቸው፤ ቁጥር ማጠጋጋት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ነው። ከአምስት ያነሰውን ጣል፣ አምስትና ከዚያ በላይ ከሆነ አንድ ጨምር፤ ከዚህ ሌላ ምን ይነገርበታል? እኔ ግን የመመረቂያ ጽሑፎችን በገምጋሚነት ሳነብ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ነገር አለ፤ ከእርሱ ልነሣ።

በማኅበረሰብ ጤና ዘርፍ የናሙና መጠን የሚወሰንበትን የታወቀ ቀመር አብዛኞቻችሁ በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። የሚጠናው ጉዳይ ስርጭት አስቀድሞ የማይታወቅ ከሆነ 50 በመቶ ይወሰዳል፤ የመተማመን ደረጃው 95 በመቶ፣ የስህተት ህዳጉ 5 በመቶ ይደረጋል። 1.96ን በራሱ አባዝተን፣ የተገኘውን በ0.25 አባዝተን፣ ለ0.0025 ስናካፍል 384.16 እናገኛለን። በዚህ ላይ መልስ የማይሰጡ ሰዎችን ለማካካስ 10 በመቶ ይጨመራል። ግብዓቱ አንድ ነው፤ ቀመሩም አንድ ነው። ውጤቱ ግን በአንዱ ጽሑፍ 422፣ በሌላው 423፣ በሦስተኛው 424 ሆኖ ይገኛል።

ልዩነቱ የሚመጣው ከማጠጋጋቱ ብቻ ነው። 384.16ን በተለመደው መንገድ ያጠጋጋ ተማሪ 384 ብሎ ይይዛል፤ 10 በመቶ ሲጨምርበት 422.4 ይሆንና እንደገና አጠጋግቶ 422 ይጽፋል። ክፍልፋዩን ሳይነካ እስከ መጨረሻ የወሰደው 422.576 ያገኝና 423 ይላል። ገና ከመነሻው 384.16ን ወደ 385 ያሳደገው ደግሞ 423.5 ላይ ደርሶ 424 ይጽፋል። ሦስቱም በመከላከያው ዕለት «ቀመሩ የሰጠኝ ይህንን ነው» ይላሉ። ቀመሩ ግን ከ384.16 በቀር ለማንም የሰጠው ነገር የለም።

የትኛው ይሻላል? መልሱ ያለው ቀመሩ በሚጠይቀው ነገር ውስጥ ነው። 384.16 ግምት ሳይሆን ወለል ነው፤ «ቃል የገባችሁትን የስህተት ህዳግ ለመጠበቅ ከዚህ ማነስ የለባችሁም» ማለት ነው። የሰው 0.16 ቃለ መጠይቅ አይደረግለትም፤ 384 ሰው ደግሞ ከወለሉ በታች ነው። ስለዚህ ከነጥቡ በኋላ ያለው ቁጥር 0.16 ይሁን 0.01 ማየት ሳያስፈልግ ወደ 385 መውጣት ግዴታ ነው። አምስትን የመሰለ ድንበር እዚህ አይሠራም።

በመንገዳችን ላይ ስላለ አንድ ሌላ ነገር ላንሳ፤ ከማጠጋጋቱም የባሰ ነውና። 424 ሰዎችን መርጠን እንደ ተፈራው 10 በመቶው ባይመልሱልን የሚቀረን 382 አይሞላም፤ 385 የተባለው ወለል ተጥሷል። ምክንያቱም የጎደለው 10 በመቶ የሚቆጠረው ከተመረጡት እንጂ ከሚያስፈልጉት አይደለም። መጨመር ሳይሆን ለ0.9 ማካፈል ነው የሚገባው፤ 385 ለ0.9 ሲካፈል 427.78፣ ወደ ላይ ሲጠጋጋ 428 ይሆናል። ከ428 ላይ 10 በመቶው ቢቀር 385 ይተርፋል።

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ። ኤክሴልም ሆነ ሌሎቹ የሠንጠረዥ ፕሮግራሞች ለዚህ ሥራ ከአንድ በላይ ትእዛዝ አዘጋጅተዋል። ራውንድ በትምህርት ቤት የተማርነውን ሕግ ይከተላል። ራውንድአፕ ከነጥቡ በኋላ የቀረችውን ያህል ብትሆንም አንድ ይጨምራል፤ ራውንድዳውን ደግሞ ያለ ርኅራኄ ይቆርጣል። በቅንፉ ውስጥ የሚገባው ሁለተኛ ቁጥር የት ላይ እንደምናቆም ይናገራል፤ 0 ካልነው ሙሉ ቁጥር፣ 2 ካልነው እስከ ሳንቲም፣ ነጌቲቭ 2 ካልነው እስከ መቶ ቤት። =ራውንድአፕ(1234, -2) 1300 ይሰጣል። ሲሊንግ የሚባለው ትእዛዝ ደግሞ ወደሚቀጥለው ብዜት ይወስዳል፤ ዕቃው የሚሸጠው በደርዘን ከሆነ 12 እንሰጠዋለን፤ ለ50 ጠርሙስ 60 ይመልሳል።

ስሞቹ ግን ያሳስታሉ። ራውንድአፕ «ወደ ላይ» ይባል እንጂ ሥራው ከዜሮ መራቅ ነው። =ራውንድአፕ(-3.2, 0) የሚሰጠው ነጌቲቭ 4 ነው፤ በቁጥር መስመር ላይ ይህ መውረድ ነው። ሲሊንግ ዶት ማዝ የተባለው ትእዛዝ ግን ለዚያው ቁጥር ነጌቲቭ 3 ይሰጣል፤ እርሱ በእርግጥ ወደ ላይ ይሄዳል። ተመላሽ ገንዘብንና ተቀናሽን በነጌቲቭ የሚመዘግብ የሒሳብ ሠራተኛ ይህን ሳያውቅ ቀመሩን ወደ ታች ቢጎትተው፣ ገቢው በአንድ አቅጣጫ ወጪው በሌላ ይጠጋጋበታል።

ይበልጥ የሚከብደው ጥያቄ ግን የት ላይ እናጠጋጋ የሚለው ነው። አንድ ምሳሌ አቀርባለሁ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት የመረጥኳቸው ናቸው። በአንድ ወረዳ 7 ጤና ኬላዎች በአንድ ቀን የኩፍኝ ክትባት ሊሰጡ ነው፤ በእያንዳንዱ 12 ሕፃናት ይጠበቃሉ። የኩፍኝ ክትባት በብዛት የሚመጣው 10 ሕፃናትን በሚከትብ ብልቃጥ ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የተረፈው ይጣላል። የወረዳው ባለሙያ ሁሉንም ደምሮ 84 ሕፃናት ብሎ ለ10 ቢያካፍል 8.4፣ ወደ ላይ ቢያጠጋጋ 9 ብልቃጥ ያዝዛል። በየረድፉ ራውንድአፕ አስገብቶ በመጨረሻ የሚደምር ባልደረባው ግን ለያንዳንዱ ኬላ 2 ብልቃጥ፣ በጠቅላላው 14 ያዝዛል። ሁለቱም ወደ ላይ አጠጋግተዋል፤ ሁለቱም በቀመር አጻጻፍ አልተሳሳቱም።

9 ብልቃጥ ለ7 ኬላዎች ሲታደል ሁለቱ ኬላዎች ሁለት ሁለት፣ አምስቱ አንድ አንድ ይደርሳቸዋል። በአምስቱ ኬላዎች በእያንዳንዱ ሁለት ሕፃናት ሳይከተቡ ይመለሳሉ፤ አሥር ሕፃናት ማለት ነው። በሉሁ ላይ ግን ስድስት ክትባት ተርፏል። ትርፉ በድምሩ ውስጥ እንጂ ከአምስቱ ኬላዎች በአንዱም የለም። በሌላ በኩል 14 ብልቃጥ ቢታዘዝ ሁሉም ይከተባሉ፤ የ56 ሕፃናት ክትባት ግን ይደፋል። ሁለት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ ልጇን ይዛ የመጣች እናት «ነገ ተመለሺ» ስትባል ላትመለስ እንደምትችል ለሚያውቅ ሰው ምርጫው ከባድ አይመስለኝም፤ 14 ማዘዝ ነው። በጀት የሚቆጣጠረው ሰው ግን ሌላ ሊል ይችላል፤ ክርክሩም በእርሱና በጤና ባለሙያው መካከል በግልጽ መካሄድ አለበት እንጂ ራውንድአፕ ከድምሩ በፊት ይግባ ወይስ በኋላ በሚል የቀመር አቀማመጥ ውስጥ ተደብቆ መወሰን የለበትም። ሦስተኛ መንገድም አለ። 5 ሕፃናትን የሚከትበው ብልቃጥ ቢገኝ ለያንዳንዱ ኬላ 3፣ በጠቅላላው 21 ይሆናል፤ የሚደፋውም ከ56 ወደ 21 ይወርዳል።

ወደ ላይ ማጠጋጋት የማይመልሰው ጥያቄም አለ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ምልአተ ጉባኤ የሚኖረው ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ሲገኙ ነው ይላል። አባላቱ 547 ቢሆኑ ግማሹ 273.5 ነው፤ ራውንድአፕ 274 ይላል፤ ትክክል። ሕገ መንግሥቱ በሚፈቅደው ከፍተኛ ቁጥር 550 ቢሆኑስ? ግማሹ ልክ 275 ስለሆነ ራውንድአፕ የሚጨምረው ነገር የለም፤ 275 ብሎ ያርፋል። 275 ግን ግማሽ ነው፤ ከግማሽ በላይ አይደለም፤ አንድ ሰው ይጎድላል። «ከግማሽ በላይ» የሚለውን በትክክል የሚጽፈው ቀመር ክፍልፋዩን ቆርጦ አንድ መጨመር ነው፦ =ኢንት(550/2)+1። ለ547ም ለ550ም ይሠራል።

ክፍልፋይን መቁረጥ ደግሞ ለእኛ አዲስ አይደለም። ባሕረ ሐሳብን የተማራችሁ መጠነ ራብዒትን ታስታውሳላችሁ። 2017 ዓ.ም.ን ብንወስድ 5500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7517 ነው፤ ለ4 ሲካፈል 1879.25፤ ሩቡ ይተዋል። 7517 ሲደመር 1879፣ 9396 ይሆናል፤ ለ7 ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ 2 ረቡዕ ነው፤ ዕንቁጣጣሽም ረቡዕ ዋለ። ያችን ሩብ ወደ ላይ ብናጠጋጋት ኖሮ በዓሉ ሐሙስ ይሆንብን ነበር። እዚያ የምትተወው ሩብ ገና ያልሞላች ቀን ናት፤ አራት ዓመት ሲሞላ ጳጉሜን ስድስት ሆና ትመጣለች። ሊቃውንቱ የጣሉት ሩብ ምን እንደሆነ አውቀው ነው የጣሉት።

የኮምፒውተሩን ጠባይ በአጭሩ ላንሳ። ኮምፒውተር የሚቆጥረው በሁለት አሃዝ ስለሆነ 1.1ን በትክክል መጻፍ አይችልም፤ እኛ አንድ ሦስተኛን በአሥርዮሽ ጽፈን መጨረስ እንደማንችል ማለት ነው። በፓይተን ቋንቋ 100ን በ1.1 ብታባዙ 110.00000000000001 ታገኛላችሁ። የተለመደው ማጠጋጋት ይህችን ቅንጣት ይውጣታል። ወደ ላይ የሚያጠጋጋው ትእዛዝ ግን ያገኘውን ሁሉ እንደ ትርፍ ስለሚያይ 111 ይላል። የሠንጠረዥ ፕሮግራሞች ከ15 አሃዝ በላይ ስለማያሳዩ ቅንጣቷ ብትኖርም ሴሉ ላይ አትታይም። መከላከያው ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ስድስት አሥርዮሽ ድረስ በተለመደው መንገድ ማጽዳት፣ ቀጥሎ ወደ ላይ መውሰድ፦ =ራውንድአፕ(ራውንድ(ኤ2*1.1, 6), 0)።

በመጨረሻም፣ ሴልን በሁለት አሥርዮሽ እንዲታይ ማድረግና ቁጥሩን ማጠጋጋት አንድ አይደሉም። ፎርማት የሚቀይረው የሚታየውን ብቻ ነው፤ በሴሉ ውስጥ ያለው ቁጥር እንዳለ ይቆያል፤ ድምሩም የሚሠራው ባልታየው ነው። ደመወዝ የሚሠሩ ሰዎች በወረቀት ላይ ያለውን አንድ በአንድ ደምረው ከታችኛው ድምር ጋር በሳንቲም የሚለያዩት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 5 ቀን 1992 በጀርመን ሽሌስቪግ ሆልሽታይን ግዛት በተደረገው ምርጫ ነገሩ ከሳንቲም አልፎ ነበር። ፓርላማ ለመግባት 5 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል። አረንጓዴዎቹ ያገኙት 4.97 ነበር፤ ፕሮግራሙ ግን በአንድ አሥርዮሽ ብቻ ያትም ስለነበር 5.0 ብሎ አወጣው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነገሩ ሲታወቅ መቀመጫዎቹ እንደገና ተከፋፈሉ፤ ሶሻል ዴሞክራቶቹም በአንድ ወንበር ብልጫ አብላጫውን ያዙ። ሕጉ ወደ ላይ አጠጋጉ አላለም፤ ያጠጋጋው ማተሚያው ነው።

ለተመራቂ ተማሪዎቻችን የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። በጽሑፋችሁ የዘዴ ምዕራፍ ላይ «የናሙናው መጠን 428 ነው» ከማለታችሁ በፊት 384.16ን ጻፉት፤ ወደ 385 ለምን እንደወጣችሁ፣ ለ0.9 ለምን እንዳካፈላችሁና የት ላይ እንዳጠጋጋችሁ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ። ገምጋሚው ባይስማማ እንኳ የሚከራከረው ከእናንተ ጋር ይሆናል።

ጊዜው ስላለን አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።