ስለሚነቃነቅ ጥርስ
ጥሊሊ ላይ ለማኅበሩ አባላት ከተደረገ ንግግር



የመንገድ መሐንዲስ ስለ ጥርስ ሲናገር መስማት ያስገርማችሁ ይሆናል። ሐኪም አይደለሁም፤ ነገሩን የተማርሁት ከአባቴ ሕመም ነው። አባቴ እዚሁ ጥሊሊ የበቆሎ እሸት መጋጥ ካቆሙ ዓመት አልፏቸው ነበር። የታች የፊት ጥርሶቻቸው በምላስ ሲገፉ ይነቃነቁ ነበርና «እርጅና ነው» አሉ፤ እኔም አመንኋቸው። ሁለቱን አስነቀሉ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ከጎን ያሉትም መነቃነቅ ጀመሩ።

የድልድይ እግር ሲያዘነብል ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የግንቡ አይደለም፤ ጎርፍ ከሥሩ አፈሩን ጠርጎ ስለ ወሰደበት ነው። የጥርስም ነገር እንደዚሁ ነው። ጥርስ ከመንጋጋ አጥንት ጋር አልተጣበቀም፤ ውፍረታቸው ከግማሽ ሚሊ ሜትር በሚያንስ ጅማቶች ተይዞ ይኖራል፤ ስለዚህ ጤነኛው እንኳ ለዓይን በማይታይ መጠን ይንቀሳቀሳል። በድድ ጠርዝ ሳይጠረግ የቆየ የባክቴሪያ ንጣፍ ግን በምራቅ ውስጥ ባለው ማዕድን እየጠነከረ ድንጋይ ይሆናል። ድዱ ይቆጣል፣ ይደማል፤ ቁጣው ወደ ውስጥ ሲዘልቅ አጥንቱ ይመነምናል። ብዙ ጊዜ ስለማያም ባለቤቱ አይነቃም። ትምባሆና የስኳር በሽታ ያፋጥኑታል።

በጥር 23 የፈረሰኞች በዓል ከፈረስ ወድቆ የተመታ ጥርስ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እርሱ በዚያው ቀን ከጥርስ ሐኪም ቢደርስ፣ ከጎኑ ካሉት ጋር በቀጭን ሽቦ ታስሮ ሊድን ይችላል።

አባቴን ባሕር ዳር ወሰድኋቸው። የጥርስ ሐኪሙ አፋቸውን እንዳየ የደማቸው ስኳር እንዲለካ አዘዘ፤ የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ያወቅነው ያን ቀን ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በወይራ መፋቂያ ፍቀዋል፤ የፋቁት ግን ለሰው የሚታየውን ፊት ነበር፤ ድንጋዩ የተከመረው በምላስ በኩል ነው። ያ ድንጋይ ከድድ በታች ድረስ ተፋቀ፤ ስኳሩም በመድኃኒት ተያዘ። የሚነቃነቁትን እርስ በርስ ስለ ማሰር ብጠይቀው፣ ሐኪሙ መጀመሪያ ድዱ ይዳን አለ። ጎርፉ ሳይመለስ ድልድዩን በእንጨት እንደ መደገፍ ይሆናልና እኔም ተስማማሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ድዱ መድማቱን አቆመ፤ ጥርሶቹም በመጠኑ ጠነከሩ። የጠፋው አጥንት ግን አልተመለሰም። ቀድመው የተነቀሉት ሁለቱ ይተርፉ ነበርን ብዬ ሐኪሙን ጠየቅሁት። «አንዱ፣ ምናልባት» አለኝ።