ከላሊበላ እስከ አክሱም በአየር ምን ያህል ነው?



እናንተ የድሬዳዋ ሰዎች የርቀትን ነገር ከሌላው አገር ሰው ይልቅ ታውቁታላችሁ። ከተማችሁ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ምድር ባቡሩ ከጅቡቲ ሲደርስ ነው፤ ሐዲዱ ወደ ሐረር ሳይወጣ ከተራራው ግርጌ የቀረውም ዳገቱ ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ ነበር። ሐረር ከእናንተ በቀጥታ ቢለካ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በደንገጎ እየተጠማዘዘ የሚወጣው መንገድ ግን ከ50 ያልፋል።

ዛሬ የምንነጋገረው ግን በሰሜን ስለሚገኙት ስለ ላሊበላና ስለ አክሱም ነው። በኅዳር ለጽዮን፣ በታኅሣሥ ለልደት ከመካከላችሁ ለመሳለም የሚነሡ ብዙዎች ናቸውና ሒሳቡ ይጠቅማቸዋል።

እስቲ ካርታ ዘርጉና ራሳችሁ ሥሩት። ላሊበላ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ከ2 ደቂቃ ላይ፣ አክሱም 14 ዲግሪ ከ7 ደቂቃ ላይ ይገኛሉ። ከደቡብ ወደ ሰሜን አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ ልዩነቱ 231 ይመጣል። አክሱም ጥቂት ወደ ምዕራብ ዘንበል ስለምትል 235 ብንለው ከእውነቱ አንርቅም። ይህ ለአይሮፕላን የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሞላም። በምድር ግን የላስታና የዋግ ተራሮች፣ ከዚያም ተከዜ የሸረሸረው ሸለቆ በመካከል ተጋርጠዋል፤ ስለዚህ መኪናው በወልድያ፣ በመቀሌና በአድዋ ሲዞር ጉዞው ከእጥፍ በላይ ይሆናል።

የአየሩ መሥመር ግን ሁልጊዜ ቀጥ ያለ አይምሰላችሁ። ከድሬዳዋ እስከ ላሊበላ በቀጥታ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአዲስ አበባ በኩል የሚሄድ መንገደኛ ግን መጀመሪያ 340 ወደ ምዕራብ፣ ቀጥሎም 330 ወደ ሰሜን ይበራል፤ ድምሩ 670 ነው። አየርም የራሱ ደንገጎ አለው ማለት ነው! ምክንያቱ ተራራ ሳይሆን የመንገደኛ ቁጥር ነው፤ አይሮፕላን የሚሄደው ሰው ወደሚሰበሰብበት ነውና። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግ በአሥመራ በኩል ነበር ያለፈው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ካርታ የማይነግረን ርቀት ነው። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ሲነሣ የአክሱም አይሮፕላን ማረፊያ ተጎዳ፤ በረራውም እስከ 2016 ዓ.ም. ተቋረጠ። 235 ኪሎ ሜትሩ አልጨመረም፤ ነገር ግን በአክሱም ለታመመና ሐኪም ለሚሻ፣ ልጁ በሩቅ አገር ለቀረችበት አባት፣ ከተማዋ ከባሕር ማዶ ይልቅ ራቀች።

ስለዚህ ለመንገድ ስትነሡ ኪሎ ሜትሩን ብቻ ሳይሆን በረራው መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ወደ ላሊበላ የምትሄዱትም የአይሮፕላን ማረፊያው ከከተማው በታች ቆላው ላይ መሆኑን አትርሱ፤ ከዚያ እስከ ከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ዳገት በመኪና ይወጣል፤ ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ስለ ሆነም ለድሬዳዋ ሙቀት የለበሳችሁት ነጠላ ብቻውን አይበቃችሁም።