መጀመሪያ ለኪ፣ ኋላ ግዢ

በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ አንዲት አባላችን ያደረገችው ንግግር



ሰብሳቢያችን «ስለ ብስክሌቱ ተናገሪ» ብላ ስታዘኝ መጀመሪያ አፈርኩ። ብድር ወስዳ የተሳሳተች ሴት ቆማ ምን ትላለች? በኋላ ግን አሰብኩበት። አሁን ሦስት እናቶች ለልጆቻቸው ብስክሌት ብድር ጠይቀዋል። ከደጋፊዎቻችን አንዷም «ዶሮና ጤፍ እያለ የማኅበሩ ገንዘብ ለካርቦን ብስክሌት የሚወጣው ለምንድን ነው?» ብለው ጽፈውልናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ገንዘቡ በየሳምንቱ ከመቀነታችን ፈትተን ያስቀመጥነው ነው። ስለዚህ የሆነውን ሁሉ እነግራችኋለሁ፤ ፍርዱ የእናንተ ነው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እዚሁ ፍኖተ ሰላም፣ ከዋናው መንገድ ዳር ብስክሌትና የእጅ ጋሪ እጠግናለሁ። ባለቤቴ ሲያርፍ የቀረልኝ አንድ ሣጥን መፍቻና አንዲት ልጅ ነበር። ጎማ መለጠፍ ተማርኩ፣ ቀጥሎ ሰንሰለት መቀጠል፣ ቀጥሎ ቸርኬ ማቃናት። «ሴት ደግሞ ብስክሌት ትጠግናለች?» ይሉኝ የነበሩት ዛሬ ተራ ይጠብቃሉ።

ልጄ የጠገንኩትን ሁሉ እየሞከረች አደገች። ወደ ማንኩሳ ደርሳ ትመለሳለች፤ ሲሻት ቡሬ ትዘልቃለች። መወዳደር ትፈልጋለች። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሜልቦርን ኦሎምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞች እንደነበሩ፣ በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እንደሆነ፣ በ2013 ዓ.ም. ሰላም አምሃ በቶኪዮ ኦሎምፒክ እንደተሰለፈች በቃሏ ትነግራችኋለች። በ2018 ዓ.ም. መስከረም የዓለም የመንገድ ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በኪጋሊ፣ ሲካሄድ ከስልክ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። እነዚህ ሁሉ የአስፋልት ውድድሮች ናቸው። እሷ የምትወደው ግን ድንጋዩንና ዳገቱን ነው። የተራራ ብስክሌትም ከ1988 ዓ.ም. የአትላንታ ኦሎምፒክ ጀምሮ ራሱን የቻለ ውድድር ነው።

የተራራ ብስክሌት ተወዳዳሪዎች አብዛኞቹ የሚነዱት የካርቦን ፍሬም ነው። ካርቦን እንደ ብረት ቀልጦ የሚፈስ ነገር አይደለም። ከፀጉር የቀጠነ ክር ነው። ክሩ ሙጫ ጠጥቶ፣ ድርብ ድርብ ሆኖ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይነጠፋል፤ ከዚያ በሙቀትና በግፊት ይጠነክራል። ስፌት የምታውቁ ወዲያው ይገባችኋል። መሶብ የሚጠነክረው በስንደዶውና በአክርማው ብቻ አይደለም፤ በሰፊዋ እጅ ነው። ላልቶ የተሰፋና ጠብቆ የተሰፋ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው። የካርቦን ፍሬምም እንዲሁ ነው፤ ውስጡን ቀለም ይሸፍነዋል።

ጥቅሙ ቅለቱ ነው። ሹካውንና ጎማውን ሳይጨምር፣ ከኋላ ስፕሪንግ የሌለው የካርቦን ፍሬም ከአንድ ኪሎ ትንሽ አለፍ ይላል። የአሉሚኒየሙ ሁለት ኪሎ ይጠጋል፤ ርካሹ የብረት ከዚያ ያልፋል። ዋጋውን ስንመለከት፣ ስሙ የታወቀው በውጭ አገር ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ይጠየቅበታል። ስም ያልተጻፈበት የቻይናው ግን ከግማሹ በታች ይገኛል። ከባለ ስሞቹም ብዙዎቹ የሚሠሩት እዚያው ቻይናና ታይዋን ነው። ስለዚህ ርካሽ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ችግሩ ጥሩውን ከመጥፎው የሚለይልሽ ሰው አጠገብሽ አለመኖሩ ነው።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልምጣ። ያገለገለ የካርቦን ፍሬም በስልክ ፎቶ አይቼ አዲስ አበባ ካለ ነጋዴ ገዛሁ። ዋጋው የአንድ ጊደር ያህል ነበር፤ ያበደራችሁኝ ገንዘብ እዚያው ላይ አለቀ። ሐሳቤ ከልጄ አሮጌ ብስክሌት ጎማውን፣ ፍሬኑንና ፔዳሉን አውርጄ እዚህ ላይ ልገጥም ነበር። ዕቃው በአውቶቡስ መጣ። ልጄ እንደ ሕፃን አቀፈችው። ማታ የኋላውን ጎማ ላስገባ ስል አልሆነም። የጎማዬ ማዕከል ስፋት 135 ሚሊ ሜትር፣ የፍሬሙ ክፍተት 148። የብረት ፍሬም ቢሆን እንደምንም እጨምቀው ነበር፤ ካርቦን ሲጨመቅ ይሰነጠቃል። ፍሬኔም ቸርኬውን የሚቆነጥጥ ዓይነት ነበር፤ ፍሬሙ የሚቀበለው የዲስክ ፍሬን ብቻ ነው። ነጋዴው አልዋሸኝም። እኔ አልጠየቅሁም፣ እሱም አልነገረኝም።

ፍሬሙ ስምንት ወር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቆየ። ብድሩ ግን አልተሰቀለም፤ በየወሩ ስሜ ይጠራ ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው። አንድ ወር ጨርሶ ሲያቅተኝ ከማኅበራዊ መዋጮው የሸፈናችሁልኝ እናንተ ናችሁ። ያንን ቀን አልረሳውም።

በዚያ ስምንት ወር የተማርኩትን አሁን ላካፍላችሁ። ብር ከመቁጠራችሁ በፊት አምስት ነገር ለኩ።

አንደኛ፣ ልጅቷን። በባዶ እግሯ ግድግዳ አስደግፈሽ ከብሽሽቷ እስከ መሬት ለኪ። ፍሬሙን በእግሮቿ መካከል አድርጋ ስትቆም ከላይኛው ቱቦ እስከ ብሽሽቷ ቢያንስ አራት ጣት ክፍተት ይኑር። «ታድግበታለች» ብሎ ሰፊ መግዛት ለዩኒፎርም ይሆናል፤ ለብስክሌት አይሆንም። ቁልቁለት ላይ እግሯ መሬት ካልደረሰ ትወድቃለች።

ሁለተኛ፣ የኋላውን ክፍተት። 135፣ 142 ወይም 148 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ጎማሽ ከዚያው ቁጥር ጋር መግጠም አለበት። የጎማውንም መጠን ጠይቂ፤ 26፣ 27.5 እና 29 አለ። እኛ ጋ በቀላሉ የሚገኘው 26 ነው፤ የካርቦኑ ፍሬም አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ከዚያ የሚበልጡትን ነው። የጎማው መለዋወጫ ከየት እንደሚመጣ ሳታውቂ ፍሬም አትግዢ። በጎማውና በፍሬሙ መካከልም ጣት የሚያስገባ ቦታ ይኑር። የክረምቱ ጭቃ ከጠጠር ጋር ሲሞላበት ካርቦኑን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ሦስተኛ፣ የፔዳሉ ዘንግ የሚዞርበትን ቤት። ጥርስ ያለው አለ፤ ኩሽኔታው በግፊት ብቻ የሚገባም አለ። ጥርስ ያለውን ምረጪ። በግፊት የሚገባው ልዩ መሣሪያ ይፈልጋል፤ አቧራ ሲገባበትም ያንቋቋል። ጥርስ ያለውን እኔም በደሳሳዋ ሱቄ እፈታዋለሁ።

አራተኛ፣ የመሪውን አንገትና የኮርቻውን ቀዳዳ። የአዳዲሶቹ ፍሬሞች አንገት ከታች ሰፋ ይላል። ቀጥ ያለ የድሮ ሹካ ካለሽ በማጥበቢያ ቀለበት ሊገጥም ይችላል፤ ቀለበቱ መገኘቱን ግን አስቀድመሽ አረጋግጪ። የኮርቻው ዘንግ 27.2፣ 30.9 ወይም 31.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የሁለቱ የመጨረሻዎቹ ልዩነት ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው። ቢሆንም የቀጠነውን አስገብቶ ብሎኑን ማጥበቅ ፍሬሙን ይሰብረዋል።

አምስተኛ፣ ስንጥቅ። ፍሬሙን አጥበሽ በቀን ብርሃን ዙሪያውን እዪው፤ በተለይ የመሪውን አንገት፣ የፔዳሉን ቤት፣ በሰንሰለቱ በኩል ያለውን የኋላ ቱቦ፣ ድንጋይ የሚመታውን የታችኛውን ሆድ። የጥጥ ንድፍ አሻሽበት፤ ክር ከተነሣ ጥጡን ይይዘዋል። ከዚያ በሳንቲም መታ መታ እያደረግሽ አዳምጪ። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተጎዳው እንደ ስንጥቅ ማድጋ ይደነቁራል። ከተጠራጠርሽ ተይው። ያገለገለ ሆኖ አዲስ ቀለም የተቀባ ፍሬም ደግሞ ጨርሶ አትንኪ። የብረት ፍሬም ቢሰበር ማንኛውም በያጅ ይበይድልሻል። ካርቦን ግን አይበየድም፤ ጥገናው ሙጫውንና ክሩን የሚያውቅ ባለሙያ ይፈልጋል።

ስለ መገጣጠሙ ጥቂት ልበል። ካርቦን የሚሞተው ብዙ ጊዜ በድንጋይ ሳይሆን በመፍቻ ነው። እኛ ጋ «አጥብቂው» ማለት እስኪያቅትሽ ማለት ነው። የካርቦን ፍሬም የኮርቻ ማሰሪያ የሚፈልገው አምስት ኒውተን ሜትር ያህል ነው፤ ልኩ ብዙውን ጊዜ ማሰሪያው ላይ ተጽፏል። የሚለካው መፍቻ ውድ ስለሆነ እኔ የማደርገው ይህን ነው። መፍቻውን ከብሎኑ አሥር ሳንቲ ሜትር ላይ እይዝና በገበያ የሚንጠለጠለውን የስፕሪንግ ሚዛን እሰካበታለሁ። ከመፍቻው ጋር ማዕዘን ሠርቼ ስስበው አምስት ኪሎ ሲያሳይ አቆማለሁ። ልኩ ያው ነው። ኮርቻው እንዳይንሸራተት ተብሎ ግራሶ አይቀባም፤ ለካርቦን የሚሠራ ሻካራ ቅባት አለ። ፍሬሙን በማሰሪያ ጨምቀሽ አትሥሪ፤ የኮርቻውን ዘንግ ያዢ። የታችኛውን ቱቦና የኋላውን ደግሞ በአሮጌ ከመነዳሪ ጠቅልይው፤ ድንጋይና ሰንሰለት ይከላከላል።

ገንዘቡንም ከፋፍዪ። የእኔ ልክ ፍሬሙ ከጠቅላላው ከሲሶ አይብለጥ የሚል ነው። ቀሪው ለጎማ፣ ለፍሬንና ለሚያዞሩት ክፍሎች ይሁን። ቀላል ፍሬም ላይ የማይዝ ፍሬን ገጥሞ ልጅን ወደ ቁልቁለት መላክ አይገባም።

እኔም እንዲሁ እያልኩ በየወሩ አንድ አንድ ዕቃ ገዛሁ፤ አንዳንዱ ከባሕር ዳር መጣ። ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቅ እየሠራች የዲስክ ፍሬኑን በራሷ ገንዘብ ገዛች። ብድሩንም ባለፈው ወር ጨረስኩ።

አሁን ለደጋፊያችን ጥያቄ መልስ ልስጥ። የካርቦኑ ብስክሌት እስካሁን አንድ ብር አላስገባም። ይህን አልደብቅም። ያስገባው ሱቁ ነው። ከቡሬ ገበያ በርበሬ ለምታመጣ፣ ከገጠር ወተት ለምታደርስ ሴት የሚሆነው የብረት ፍሬም ነው። በአፍሪካ ገጠሮች ለሴቶችና ለተማሪዎች የሚታደለው ባፋሎ የተባለው ብስክሌት የብረት ነው፤ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ከኋላው ግን 100 ኪሎ ይሸከማል። ቀላልነት ጭነት ላለባት ሴት ትርጉም የለውም። ካርቦን ላይ ጭነት አስሮ መሄድም አይገባም።

ስለዚህ ለቀረቡት ሦስት ጥያቄዎች ሐሳቤ ይህ ነው። ሁለቱ ለሥራ ስለሆኑ የብረት ይገዛላቸው፤ በዓመት ውስጥ ራሳቸውን ይከፍላሉ ብዬ አምናለሁ። ሦስተኛዋ ልጅ መወዳደር ለምትፈልገው ግን አሁን አዲስ ብድር አይሰጥ። ቁመቷ ከልጄ ጋር እኩል ነው፤ የእኛን ብስክሌት በፈረቃ ትንዳ። ዓመቱን ሙሉ ከነዳችና ከጸናች ያኔ እንበድር። ያኔም ገንዘቡ በሁለት ጊዜ ይሰጥ፤ መጀመሪያ ልኩና የዕቃው ዝርዝር ከነዋጋው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ይቅረብ፣ ከዚያ ብሩ ይውጣ። ልኬቱን እኔ በነፃ እሠራለሁ። ሚዛኔንም ይዤ እመጣለሁ።

ልጄ በመጀመሪያው ቀን ቡሬ ደርሳ ስትመለስ ከእግሯ እስከ ራሷ ጭቃ ነበረች። «እማ፣ ዳገቱ አጠረ» አለችኝ። ዳገቱ ያው ነው። እኔ ግን ያንን ቃል ለመስማት የከፈልኩትን አውቀዋለሁ፤ ከእናንተ ማንም ያን ያህል እንድትከፍል አልፈልግም።